የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብህ ሲሉን
በፉሪ ለነዋሪዎች የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ብዙዎቻችሁ ቤት፣ በመሳቢያ ውስጥ ወይም በመጽሐፍ መካከል ተጣጥፎ የተቀመጠ አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት አለ። «ኤች ፓይሎሪ» የሚል የአንድ የጨጓራ ባክቴሪያ ስም፣ ከጎኑም «ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጽፎበታል። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ፋርማሲ ሄዳችሁ፤ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተሰጥቷችሁ ዋጣችሁ። ከወራት በኋላ ልባችሁ ሥር እንደገና ሲያቃጥላችሁ ተመረመራችሁ፤ ወረቀቱ አሁንም «ፖዘቲቭ» አለ፤ መድኃኒቱ እንደገና ተገዛ። ይህን ሦስት አራት ጊዜ የደጋገሙ ሰዎች አውቃለሁ። ከእነሱ መካከል ባክቴሪያው ገና በመጀመሪያው ሕክምና ለቅቋቸው የሄደ ብዙዎች እንዳሉ አምናለሁ። የልጆቻቸውን የወተት ገንዘብ ከፍለው የተዋጉት የሌለ ጠላት ነው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዋናነት ስለዚህ ለመናገር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከምርመራው ነው። በየክሊኒኩ በብዛት የሚሠራው የደም ምርመራ ነው። ጥቂት ደም ይወሰድና በትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሁለት መስመር ከታየ ፖዘቲቭ ይባላል። ይህ ምርመራ ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ተከራይ ቤቱን ለቅቆ ከሄደ በኋላ ስሙ ከቀበሌ መዝገብ ሳይሰረዝ እንደሚቆየው ማለት ነው፤ መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ተከራዩ ዛሬም እዚያው ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ መድኃኒት ወስዶ የጨረሰ ሰው «ድኛለሁ ወይ?» ብሎ የደም ምርመራ ቢያደርግ የሚያገኘው መልስ ለጥያቄው መልስ አይሆንም።

ባክቴሪያው አሁን መኖሩን የሚናገሩ ምርመራዎች ሌሎች ናቸው። በአቅራቢያችን ሊገኝ የሚችለው የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ነው። ይህ የባክቴሪያውን የራሱን አካል ስብርባሪ ከሰገራ ውስጥ ይፈልጋል፤ ባክቴሪያው ከሌለ ስብርባሪውም የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ለአሜባና ለጃርዲያ ተብሎ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የተለመደው የሰገራ ምርመራ ይህንን ባክቴሪያ አያሳይም። «ሰገራዬን ተመርምሬ ምንም የለም ተብያለሁ» የሚል ሰው የትኛውን የሰገራ ምርመራ እንዳደረገ መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ በአገራችን ብዙም አልተስፋፋም። ሦስተኛው ኢንዶስኮፒ ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራን ከውስጥ ያሳያል፤ ከግድግዳውም ናሙና ይቆነጥራል። ከምርመራው በፊት ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ለአራት ሳምንት ካልቆሙ፣ የሰገራውም የትንፋሹም ምርመራ ያለውን ባክቴሪያ «የለም» ሊል ይችላል።

  

አሁን ወደ ባክቴሪያው እንምጣ። ጥምዝምዝ ቅርጽ ያለው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለመሙላት ሦስት መቶ ያህሉ በቁመት መሰለፍ አለባቸው። በአንድ ጫፉ የሚዋኝባቸው ቀጫጭን ጅራቶች አሉት። የሚኖረው ማንም ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ባልታሰበ ቦታ፣ በጨጓራ ውስጥ ነው። የጨጓራ አሲድ ሥጋ የሚያሟሟ፣ አብረን የምንውጣቸውን አብዛኞቹን ተሕዋስያን የሚገድል ነው። ይህ ባክቴሪያ ግን ዩሪዬዝ የሚባል ኢንዛይም በብዛት ያመርታል። ኢንዛይሙ በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ አሞኒያው በባክቴሪያው ዙሪያ ያለውን አሲድ ያረክሰዋል። በዚህ ተከልሎ እየዋኘ የጨጓራን ግድግዳ የሚሸፍነውን ዝልግልግ ንጣፍ ሰንጥቆ ይገባና ከግድግዳው አጠገብ፣ አሲዱ በማይደርስበት፣ ኑሮውን ይመሠርታል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይወጣም።

በዓለም የታወቀው በቅርብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ በሚገኘው ሮያል ፐርዝ ሆስፒታል ሮቢን ዋረን የሚባሉ የፓቶሎጂ ሐኪም ነበሩ። በ1979 ከታካሚዎች ጨጓራ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች ተደርድረው አገኙ። ባልደረቦቻቸው ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ በዚያ አሲድ ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል? ከሁለት ዓመት በኋላ ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም አብሯቸው መሥራት ጀመረ። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማሳደግ ደጋግመው ቢሞክሩም አልበቅል አላቸው። ናሙናው በሁለት ቀን ምንም ካላሳየ ይጣል ነበር። በ1982 የፋሲካ ሰሞን ግን የበዓሉ ዕረፍት ስለረዘመ ናሙናው ለቀናት ሳይታይ እዚያው ቆየ፤ ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ አገኙት። ለካስ ቀስ ብሎ የሚያድግ ኖሯል፤ የጎደለው ትዕግሥት ነበር።

በ1984 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት መቶ ታካሚዎችን መርምረው ነበር። ከመቶዎቹ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቁስለት የነበረባቸው አሥራ ሦስት ሰዎች ነበሩ። በአሥራ ሦስቱም ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። ያም ሆኖ የሚያምናቸው አጡ፤ የጨጓራና የአንጀት ቁስል የጭንቀት፣ የአሲድና የቅመም በሽታ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰድዶ ነበርና። በዚያው ዓመት ማርሻል ያደገውን ባክቴሪያ በፈሳሽ በጥብጦ ጠጣው። ከቀናት በኋላ ያስመልሰው፣ ትንፋሹም ይከረፋ ጀመር፤ በአሥረኛው ቀን በኢንዶስኮፒ ሲታይ ጤነኛ የነበረው ጨጓራው ተቆጥቶ፣ ባክቴሪያውም ሰፍሮበት ተገኘ። የተያዘው የጨጓራ መቆጣት እንጂ ቁስል አልነበረም፤ ታክሞም ዳነ። ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ እንዲያደርግ አልመክርም፤ ለታካሚዎቹ ሲል የከፈለውን ግን ሳላከብር አላልፍም። ዋረንና ማርሻል በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጨጓራ ነው። ባክቴሪያው በአገራችን በብዛት ያስከተለው ከባድ ጉዳት ግን ከጨጓራ ወረድ ብሎ፣ ሐኪሞች ዱዎዲነም በሚሉት በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። በጨጓራ የሚኖር ባክቴሪያ አንጀትን እንዴት ያቆስላል? ይህን በደንብ ብናየው ሕክምናው ለምን እንደሚሠራም ይገባናል።

ጨጓራችን አሲድ እንዲያመርት የሚያዘው ጋስትሪን የሚባል ሆርሞን ነው። ሶማቶስታቲን የሚባል ሌላ ሆርሞን ደግሞ አሲዱ ሲበዛ «በቃ» ይላል። ሁለቱም ከሚመረቱባቸው ቦታዎች ዋናው የጨጓራው የታችኛው ጫፍ፣ ወደ አንጀት መውጫው አጠገብ ነው። ባክቴሪያው በዚህ ጫፍ ሲሰፍር ግድግዳው ይቆጣል፤ «በቃ» የሚለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ጋስትሪን ከልክ ያልፋል። ከላይ ያለው ጤነኛው የጨጓራ ክፍል ታዝዟልና አሲዱን ያለማቋረጥ ያፈልቃል። ይህ ትርፍ አሲድ ወደ ዱዎዲነም ይወርዳል። አንጀቱ ለዚህ ሁሉ አሲድ አልተሠራም። ራሱን ለመከላከል የውስጥ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይለውጣል፤ እዚህም እዚያም የጨጓራን ግድግዳ የመሰለ ሽፋን ያበቅላል። ባክቴሪያው ደግሞ መኖር የሚችለው በጨጓራ ዓይነት ሽፋን ላይ ነው። ቀድሞ እግሩን ሊያሳርፍበት ያልቻለው አንጀት አሁን ቦታ አዘጋጀለት፤ ወርዶ ይሰፍርበታል። በአንድ በኩል አሲዱ፣ በሌላ በኩል ባክቴሪያው ሲረባረቡበት ያ ቦታ ይቆስላል። ባክቴሪያው እንዲህ አድርጎ የራሱን ቤት በሌላ አካል ላይ የሚያሠራ ፍጡር መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ቁስሉ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚነግረን ተመሳሳይ ነው። ሲርበው ያመዋል፤ ሲበላ ለጊዜው ይሻለዋል፤ ከሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል፤ ተነሥቶ ቁራሽ ዳቦ ወይም ወተት ቀምሶ ይተኛል። የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ብቻ ሲወስድ ቁስሉ ይጠግጋል፤ ሲያቆም ግን ያው ይመለሳል። ባክቴሪያው ከመታወቁ በፊት አብዛኞቹ ታካሚዎች ቁስሉ በዓመት ውስጥ ይመለስባቸው ነበር። ባክቴሪያው ሲጠፋ ግን የሚመለስባቸው ጥቂቶች ናቸው። ዕድሜ ልክ መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና ይጠይቅ የነበረ በሽታ በሳምንታት ሕክምና የሚድን ሆነ። በእኔ ዕይታ ባለፈው ምዕተ ዓመት ከተገኙት የሕክምና ግኝቶች ለድሃ ሰው እንዲህ የተመቸ ጥቂት ነው።

ይህ የአንጀት ቁስል በአገራችን የተለመደ መሆኑን ሐኪሞቻችን ባክቴሪያው ከመታወቁም በፊት አስተውለውታል። ኢንዶስኮፒ በኢትዮጵያ እንዲለመድ ከደከሙት አንዱ ፕሮፌሰር ዕደማርያም ጸጋ በ1,084 ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገውን የኢንዶስኮፒ ምርመራ ውጤት በ1981 አሳትመዋል። ከዓመታት በኋላም ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለዚሁ ባክቴሪያ በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ ጽፈዋል። ቀጥሎም ዶክተር ዳንኤል አስራትና ባልደረቦቻቸው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሆዳቸውን ከሚያማቸው አዋቂዎች ናሙና ወስደው ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ እስከ ማሳደግ ደረሱ። በ2019 የወጣ፣ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ጽሑፍ ከኢትዮጵያውያን 52 በመቶ ያህሉ ባክቴሪያው እንዳለባቸው ደምድሟል፤ ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ መሆኑንም አሳይቷል። 52 በመቶ ሲባል በዚህ አዳራሽ ካለነው ግማሹ ማለት ነው።

አብሮን የኖረውም ከጥንት ጀምሮ ነው። ተመራማሪዎች ከተለያዩ የዓለም ሕዝቦች ጨጓራ የተገኙትን ባክቴሪያዎች ዘር ሲያወዳድሩ፣ ባክቴሪያው እንደ ባለቤቱ አገር እንደሚለያይ ተገነዘቡ። በ2007 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ሰዎች ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሌላው ዓለም ሲፈልሱ፣ ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ባክቴሪያውን በሆዳቸው ይዘውት እንደወጡ ገምቷል። የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የሚባል ራሱን የቻለ የባክቴሪያው ወገንም አለ። በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ ደርቆ የተገኘውና 5,300 ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ሰው ጨጓራ እንኳ ሲመረመር ይኸው ባክቴሪያ ተገኝቶበታል፤ ውጤቱ በ2016 ታትሟል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ አንዳንዶች «ባክቴሪያ ተገኘብህ» ሲባሉ ነውር የሠሩ ያህል ስለሚያፍሩ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ አብሮን የመጣ ነው።

ወደ ሰው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ በቤት ውስጥ፣ ከአፍ ወደ አፍ ወይም በሰገራ በተነካካ እጅና ውኃ ነው። ከዚህ ከዓለም ገና ተገንጥሎ በሚሄደው መንገድ የምንደርስባት ቡታጅራ ትልቅ ትምህርት የሰጠን ጥናት ተካሂዶባታል። በቡታጅራና በዙሪያዋ የተወለዱ 1,065 ሕፃናት ከልደታቸው ጀምሮ ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ሰገራቸው ሲመረመር 41 በመቶው ባክቴሪያው ተገኘባቸው። አስቡት፣ ገና አፋቸውን በቅጡ ሳይፈቱ ነው።

ለምን እዚህ አካባቢ ይህ ጉዳይ እንደሚያሳስበኝ አሁን ይገባችኋል። ፉሪም ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ኑሮ የገፋው፣ የአዲስ አበባን ኪራይ ያልቻለ፣ ከክፍለ ሀገር ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው የሚሰፍርባቸው ናቸው። በአንድ ግቢ ስምንት አሥር የኪራይ ክፍሎች ይደረደራሉ፤ በአንዱ ክፍል ወላጅ ከነልጆቹ ያድራል፤ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ መዞር ነው፤ ያ ውኃ ለመጠጥም ለእጅም መብቃት አለበት። ባክቴሪያው የሚወደው እንዲህ ያለውን መጣበብ ነው። በበለጸጉት አገሮች ባክቴሪያው የቀነሰው በመድኃኒት ዘመቻ አልነበረም፤ ቤቱ ሲሰፋ፣ ውኃው በየቤቱ ሲገባ፣ በየትውልዱ የሚያዙት ልጆች እያነሱ ሄዱ። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ ወደ ግቢያችን ይግባልን ብላችሁ ስትጠይቁ የጨጓራና የአንጀት ሕክምናም እየጠየቃችሁ ነው። እስከዚያው እጅን ከመጸዳጃ መልስና ምግብ ከመንካት በፊት በሳሙና መታጠብ፣ ያጠራጠረ ውኃን አፍልቶ ወይም «ውኃ አጋር» በሚባለው ማከሚያ አክሞ መጠጣት፣ ለሕፃን ምግብ በራስ አፍ አላምጦ አለማጉረስ የእኛ ድርሻ ነው። ምግብ ሲያላምጡ ባክቴሪያው ከእናት አፍ ወደ ልጅ ሊሄድ ይችላል፤ ማላመጡ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ በማንኪያ ማድቀቅም ያው ፍቅር ነው።

ግማሻችን ካለብን ሁላችን ለምን አንታመምም? ከሚሸከሙት ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ከአሥሩ አንድ ወይም ሁለት ያህሉ በአንድ ወቅት ቁስል ይይዛቸዋል። ከመቶው ጥቂቶች ደግሞ ከረጅም ዘመን በኋላ የጨጓራ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ባክቴሪያውን ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መድቦታል። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ባክቴሪያው የጨጓራውን የታችኛውን ጫፍ ብቻ ሲያስቆጣ አሲድ ይበዛና አንጀቱ ይቆስላል፤ የጨጓራውን ሰፊ የላይኛ ክፍል ሲያጠቃ ግን አሲድ አመንጪዎቹ ሴሎች እየሞቱ አሲዱ ይቀንሳል፤ ለካንሰር የሚያሰጋው ይህኛው ነው። ያው ባክቴሪያ በሁለት ሰዎች ላይ ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። የባክቴሪያው ዓይነት፣ የባለቤቱ ዘር፣ የተያዘበት ዕድሜ፣ ትንባሆ፣ ጨው የበዛበት ምግብ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ለልጆች ደግሞ ምንም ሕመም ሳይኖር ምርመራ ማድረግ አይመከርም። የቡታጅራው ጥናት ባክቴሪያው የነበረባቸው ሕፃናት አለርጂ ከሚያመጣው የቆዳ ማሳከክ ትንሽ ሳይጠበቁ እንዳልቀሩ ፍንጭ አሳይቷል፤ ፍንጭ ብቻ ነው፣ ግን ጤነኛን ልጅ በመድኃኒት ከመሙላት በፊት እንድናስብ ያደርጋል።

ታዲያ ማን ይመርመር? ቁስል ያለበት ወይም የነበረበት፤ ለሳምንታት የማይተወው የሆድ ማቃጠል ያለበት፤ አስፕሪን ወይም የሕመም ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ ሊወስድ ያሰበ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የብረት እጥረት ደም ማነስ ያለበት፤ ወላጁ ወይም ወንድም እኅቱ የጨጓራ ካንሰር የያዘው። በትክክለኛው ምርመራ መኖሩ ከተረጋገጠ አዋቂን ማከም ተገቢ ነው።

ሕክምናው በአገራችን ብዙ ጊዜ አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሐኪሙ እስከ አሥራ አራት ቀን ሊያዝ ይችላል። አንዱን ብቻ መግዛት፣ ሲሻል ማቆም፣ የተረፈውን ለጎረቤት መስጠት ባክቴሪያውን ያስተምረዋል። ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አሞክሲሲሊን ዘመዱ ነው። በባሕር ዳር ከተማ ታካሚዎችን ተከታትሎ በ2019 የታተመ ጥናት ይህ ሕክምና ከአሥሩ በዘጠኙ ላይ ባክቴሪያውን እንዳጠፋ አሳይቷል። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነው፤ ግን በእጃችን የሚጠፋ ነው። የጥቁር አንበሳ ተመራማሪዎች ከታካሚዎች የወሰዷቸውን ባክቴሪያዎች ሲፈትኑ በየቤቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምንውጠው ሜትሮኒዳዞል ብዙዎቹን መግደል ተስኖት አግኝተውታል። ክላሪትሮማይሲንን የለመደው የዚህ ባክቴሪያ ዓይነትም የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ይፈለግላቸዋል ካላቸው ባክቴሪያዎች ተርታ ገብቶ ነበር። ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ይደረጋል። ባክቴሪያው ካልጠፋ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይራል፤ ያንኑ ደግሞ መዋጥ መፍትሔ አይደለም።

ሁሉም የሆድ ማቃጠል ግን ከዚህ ባክቴሪያ አይመጣም። ሁለተኛው የቁስል ምክንያት በኪሳችን ያለው ነው። ወገባቸውን የሚያማቸው የቀን ሠራተኞች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን በየቀኑ ይውጣሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራንና የአንጀትን ግድግዳ የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ፤ ባክቴሪያው ካለ አደጋው ይብሳል። መርፌ ቢሆኑም ያው ናቸው፤ ጉዳቱ በደም በኩል ይደርሳልና። ቁስል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ለማንኛውም ሕመም ሲታከም ይህን አስቀድሞ ይናገር።

ስለ ጾምና ስለ በርበሬ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ጾም ባክቴሪያውን አያመጣም፤ በርበሬም ቁስል አይፈጥርም፤ ያለውን ሕመም ግን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቡናም እንዲሁ። የሚያመው ቁስል ያለበት ሰው እስኪድን ድረስ መጾሙን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት አስተማሪው ጋር ይምከርበት። ተልባና አብሽ ለጊዜው ያለሰልሳሉ፤ መጠጣታቸውን አልቃወምም፤ ባክቴሪያውን ግን አያጠፉም፤ እነሱን እየጠጡ ዓመት መቆየት ለቁስሉ ጊዜ መስጠት ነው።

ጊዜ ያገኘ ቁስል ሦስት መንገድ ይሄዳል። ሊደማ ይችላል፤ ደሙ በአንጀት ውስጥ ሲያልፍ ጠቁሮ ሰገራው ጥቁር፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ይሆናል፤ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ያስመልሳል። የብረት እንክብልም ሰገራን ያጠቁራል፤ የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ሁለተኛው አንጀቱን ሊበሳ ይችላል፤ ሕመሙ ድንገት እንደ ቢላ ይወጋል፤ ሆዱ እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ ሰውዬው መንቀሳቀስ ይፈራል። ሦስተኛው ጠባሳው መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትናንት የተበላው ዛሬ ይወጣል፤ ሰውነትም ይከሳል። ከእነዚህ አንዱን ያየ፣ ሲውጥ የሚጣበቅበት፣ ሳያስበው ክብደቱ የቀነሰ፣ ወይም ዕድሜው ገፍቶ ሕመሙ አዲስ የጀመረበት ሰው የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ አይዙር፤ ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስና የደረቀ ሆድ ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቁም፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ቢሆንም መኪና ለምናችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ እስኪደርስም ምግብም፣ ወተትም፣ ማስታገሻም አትስጡት።